«የግል» እና «የሕዝብ» ደመና፤ የሁለት ስያሜዎች ታሪክ

አንድ የባዕድ ሙያዊ ቃል በትርጉም ወደ ቋንቋችን ሲገባ፣ የሚቀበለው የአማርኛ ቃል የራሱን ታሪክ ይዞ ይጠብቀዋል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው በኮምፒዩተር ሙያ «ደመና» በሚለው ቃል ላይ የሚቀጸሉትን «የግል» እና «የሕዝብ» የሚሉትን ስያሜዎች ነው።

የጽንሰ ሐሳቡ ምንጭ ራቅ ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ጆን ማካርቲ የተባለው ሊቅ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የመቶኛ ዓመት በዓል ላይ ባደረገው ንግግር፣ የኮምፒዩተር አገልግሎት አንድ ቀን እንደ ስልክ ለሕዝብ ሊዳረስ እንደሚችል አመለከተ። መሐንዲሶችም ውስጡን መዘርዘር የማያሻቸውን የመገናኛ መረብ በንድፋቸው ላይ በደመና ሥዕል ይወክሉት ነበርና፣ አገልግሎቱ ሲስፋፋ ስሙን ከዚህ ሥዕል ወሰደ። እ.ኤ.አ. በ2006 አማዞን የመረጃ ማከማቻና የማስሊያ አቅም ማከራየት ጀመረ። በ2011 የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ብያኔ አወጣ፤ በዚህም መሠረት አንደኛው ደመና ለአንድ ድርጅት ብቻ የተመደበ፣ ሌላው ለማንኛውም ተጠቃሚ ክፍት የሆነ፣ ቅይጡ ደግሞ ከሁለት ወይም ከዚያ በላይ ደመናዎች የተጣመረ ነው። እንግዲህ መለያው ተጠቃሚነት እንጂ ባለቤትነት አይደለም።

በአማርኛ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የገጠር መሬትን የሕዝብ ካደረገው የ1967 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ «የሕዝብ» የሚለው ቃል በመንግሥት ጽሑፎች ዘንድ ከሁሉ አስቀድሞ ባለቤትነትን ያሳስባል፤ «የግል» ሲባልም በአእምሯችን የሚመጣው ባለሀብቱ ነው። ስለዚህ አንባቢ «የሕዝብ ደመና» ሲባል የመንግሥት ንብረት፣ «የግል ደመና» ሲባል የነጋዴ ንብረት ይመስለዋል።

ስሕተቱ የቃላት ብቻ ሆኖ አይቀርም። ባለ ሦስት እርከን መተግበሪያን እንውሰድ፤ የላይኛው እርከን ለተጠቃሚው ገጽ ያቀርባል፣ የመካከለኛው የአሠራሩን ደንብ ይፈጽማል፣ የታችኛው መዝገቡን ይይዛል። መተግበሪያው በሁለት ደመናዎች ላይ ሲዘረጋ፣ የተጠቃሚው ብዛት ከፍና ዝቅ የሚያደርገው የላይኛው እርከን ለሁሉም ክፍት በሆነው፣ ምስጢር ያለበት መዝገብ ደግሞ ለድርጅቱ ብቻ በተመደበው ደመና ላይ ማኖር የተለመደ አሠራር ነው። ስያሜውን እንደ ባለቤትነት የተረዳ ኃላፊ ግን የዜጎችን መዝገብ «ከነጋዴ ለማራቅ» ሲል ለኪራይ በቀረበው ላይ ሊያኖረው ይችላል።

መፍትሔው በራሱ በቋንቋችን ውስጥ አለ። «የሕዝብ ማመላለሻ» ስንል አውቶቡሱ የአንድ ሰው ንብረት ሊሆን እንደሚችል እናውቃለን፤ «የ» እዚህ ላይ ባለቤትን ሳይሆን ተገልጋይን ያመለክታልና። ፍቺው በሚያሻማበት ስፍራ ግን ተገልጋይን የሚያሳየው «ለ» ይሻላል። ስለሆነም «ለሕዝብ ክፍት ደመና» እና «ለአንድ ድርጅት የተለየ ደመና» እንዲባል ሐሳብ እናቀርባለን። ስያሜዎቹ ረዘም ቢሉም፣ መዝገቡን የት ማኖር እንደሚገባ ለሚወስነው ሰው እውነቱን ይነግሩታል።