የወረቀት ፊኛና የወረቀት ሽመላ

(በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች፣ ዓ.ም. ካልተባለባቸው በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጃፓኖች በእጅ የሚሠሩትን ወረቀት ዋሺ ይሉታል። ዋሺ በአብዛኛው የሚሠራው ኮዞ ከሚባል፣ ከሾላ ጋር ከሚዛመድ ቁጥቋጦ ልጥ ነው። ሠሪዎቹ በብርድ ወራት ቅርንጫፉን ይቆርጡና በእንፋሎት ያበስሉታል፤ ልጡን ይልጣሉ፤ ጥቁሩን ቅርፊት ፍቀው ይጥላሉ። የቀረውን ነጭ ልጥ በአመድ ውሃ ይቀቅሉታል፤ በወራጅ ውሃ እያጠቡ ጉድፉን አንድ በአንድ ይለቅማሉ፤ ከዚያም በዱላ እየወቀጡ ያልሙታል። በመጨረሻ በገንዳ ውሃ ውስጥ ይበትኑትና ከባሚያ ጋር ከሚዛመድ ተክል ሥር የሚወጣ፣ እንደ ተልባ የሚዝለገለግ ፈሳሽ ይጨምሩበታል። ይህንን ከቀርከሃ ስንጥር በተሠራ ወንፊት እየጨለፉ ወዲያና ወዲህ ሲያወዛውዙት የልጡ ቀጫጭን ክሮች እርስ በርስ ይያያዛሉ። ውሃው ተንጠፍጥፎ ወንፊቱ ላይ የሚቀረው ስስ ነገር ወረቀት ነው። ተጭኖ ውሃው ይወጣለታል፤ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎም ይደርቃል።

እጅ በበረዶ ውሃ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚውልበት ሥራ ነው። አባቶቻችን የፍየልና የበግ ቆዳ ወጥረው፣ ፍቀውና አለስልሰው ብራና ሲያዘጋጁ የከፈሉትን ድካም የሚያውቅ ሰው የወረቀት ሠሪውንም ድካም መገመት አያቅተውም።

አሠራሩን እንዲህ የዘረዘርሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የኮዞ ክር ረጅም ስለሆነ ወረቀቱ ስስ ሆኖ ሳለ በቀላሉ አይቀደድም፤ ቢታጠፍና ቢዘረጋ ቶሎ አይሰነጠቅም። ወረቀት በቻይና ከጀመረ ብዙ ዘመን አልፎታል። የቻይና መዛግብት የቤተ መንግሥቱ ሹም ፃይ ሉን በ105 አሠራሩን ለንጉሠ ነገሥቱ እንዳቀረበ ይናገራሉ። በ610 ከኮሪያ ወደ ጃፓን የመጣ አንድ መነኩሴ ወረቀት መሥራት ያውቅ እንደነበር ደግሞ በጥንታዊው የጃፓን ዜና መዋዕል ተጽፏል። ጃፓኖች ግን ወረቀትን ለጽሑፍ ብቻ አልተዉትም። የመስኮትና የበር መጋረጃ አደረጉት፤ ዘይት ቀብተው ጃንጥላ ሠሩበት፤ ፋኖስ አለበሱበት፤ ድሃውም መነኩሴውም ልብስ አድርጎ ለበሰው። እያጠፉ ቅርጽ የማውጣት ጥበባቸውም የተወለደው ከዚሁ ጠንካራ ወረቀት ነው። ረጅም አንገትና ረጅም እግር ያላትን፣ ሽመላ የምትመስል ክሬን የተባለች ወፍ ከወረቀት አጥፎ ስለመሥራት የሚያስተምር መጽሐፍ በ1797 ታትሟል። በዚህ ጽሑፍ ለንባብ እንዲቀልል ይህችን ወፍ ሽመላ እላታለሁ።

ይህ ሁሉ ደስ የሚል የእጅ ጥበብ ታሪክ ነው፤ ብዙ ጸሐፊዎችም እዚህ ላይ ያበቁታል። እኔ ግን ልነግራችሁ የፈለግሁት ከዚህ በኋላ ስለሆነው ነው።

በሚያዝያ 1942 የአሜሪካ አውሮፕላኖች ቶኪዮንና ሌሎች የጃፓን ከተሞችን ደበደቡ። ጉዳቱ ትልቅ አልነበረም፤ ኀፍረቱ ግን ትልቅ ነበር። የጃፓን ጦር አጸፋውን ሊመልስ ፈለገ፤ ሆኖም ሰፊውን ፓስፊክ ተሻግሮ የሚደበድብ አውሮፕላን አልነበረውም። ያለው ነፋስ ነበር። ዋሳቡሮ ኦይሺ የተባሉ የአየር ጠባይ ተመራማሪ በ1920ዎቹ ፊኛ እየለቀቁ ከጃፓን በላይ በከፍተኛው ሰማይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነጉድ ኃይለኛ ነፋስ እንዳለ ደርሰውበት ነበር። ሰውየው ዓለም ሁሉ እንዲያነብላቸው ብለው ግኝታቸውን በ1926 ኤስፔራንቶ በሚባለው ሰው ሠራሽ ቋንቋ አሳተሙት፤ በዚህም ምክንያት የውጭው ዓለም ሳያነበው ቀረ። የራሳቸው አገር ጦር ግን ረስቶት አልነበረም።

ነፋሱ ተገኘ፤ የጎደለው ፊኛው ነው። የጦር መሐንዲሶቹ ቀላል፣ ጠንካራና ሃይድሮጅን የማያሾልክ ነገር ፈልገው ያገኙት የአያቶቻቸውን ወረቀት ነበር። አንዱ ፊኛ ከዳር እስከ ዳር 10 ሜትር ሲሆን 600 ገደማ ቅጠል ወረቀት ይፈጃል። ወረቀቱ በተደራራቢ ይለጠፋል፤ ማጣበቂያው ደግሞ ኮንያኩ ከሚባል፣ ከጎደሬ ወገን ከሆነ ሥራ ሥር የሚዘጋጅ ሙጫ ነው። በየገጠሩ ያሉ ወረቀት ሠሪዎች ሥራቸውን ወደዚህ እንዲያዞሩ ታዘዙ። የመስኮት ወረቀት ያወጣ የነበረው ወንፊት የጦር ዕቃ ማውጣት ጀመረ።

የሚለጥፈውስ ማን ነው? ወንዶቹ ዘምተዋል። ስለዚህ ሥራው ከመማሪያ ክፍል ለወጡ ሴት ተማሪዎች ተሰጠ። ዕድሜያቸው ከእናንተ ብዙ አይርቅም፤ አብዛኞቹ በአሥራዎቹ ውስጥ ነበሩ። ጣታቸው ቀጭንና ቀልጣፋ ነው ተብለው ተመረጡ። ወረቀቱ እንዳይቀደድ ጥፍራቸውን እንዲያሳጥሩ፣ የፀጉር ሹካም እንዳያደርጉ ታዘዙ። ረጅም ሰዓት ቆመው ይሠሩ ነበር፤ ይርባቸውም ነበር፤ ከረሃብ የተነሣ ሙጫውን ሰርቀው የበሉ ነበሩ። ፊኛዎቹ በትልልቅ አዳራሾች፣ በቲያትር ቤቶችና በሱሞ ትግል መወዳደሪያ ሥፍራዎች ውስጥ ተነፍተው ይፈተሹ ነበር። ሥራው ምስጢር ስለነበር ለቤተሰብ እንኳ አይነገርም።

ከኅዳር 1944 እስከ ሚያዝያ 1945 ድረስ ከ9,000 በላይ ፊኛዎች ከጃፓን ምሥራቃዊ ጠረፍ ተለቀቁ። እያንዳንዱ ሰው የሚገድል ቦምብና እሳት የሚያስነሱ ፈንጂዎች ተሸክሟል። ሌሊት ጋዙ ቀዝቅዞ ፊኛው ዝቅ ሲል የከፍታ መለኪያው አንድ የአሸዋ ከረጢት ይጥላል፤ ፊኛውም መልሶ ይነሣል። እንዲህ እያለ በሦስት ቀን ገደማ ፓስፊክን ይሻገራል። ሰሜን አሜሪካ ላይ ወድቀው የተገኙት ወይም ሲበሩ የታዩት 300 ያህል ብቻ ናቸው። ጦሩ የፈለገው የአሜሪካን ደኖች ማቃጠል ነበር፤ ነገር ግን ነፋሱ የሚበረታው በብርድ ወራት ነው፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ ደኑ በበረዶና በዝናብ የራሰ ነው። በጦር ሚዛን ሲለካ ሥራው ከንቱ ቀረ።

የአሜሪካ መንግሥት ስለ ፊኛዎቹ ምንም እንዳይጻፍ ጋዜጦችን ጠየቀ። ጃፓኖች ፊኛቸው መድረሱን ካላወቁ ይተዉታል ብሎ ነው፤ እንዳለውም ሆነ። ሆኖም ዝምታው ጠላትን ብቻ ሳይሆን የገዛ ሕዝቡንም በጨለማ አስቀረ።

ኦሪጎን በምትባለው ግዛት ብላይ የተባለች ትንሽ የእንጨት ቆራጮች ከተማ አለች። አርቺ ሚቸል የሚባሉ ወጣት መጋቢ በዚያች ከተማ ቤተ ክርስቲያን ማገልገል ከጀመሩ ገና ጥቂት ጊዜያቸው ነበር። ቅዳሜ ሜይ 5 ቀን 1945 መጋቢውና ባለቤታቸው ወይዘሮ ኤልሲ አምስት የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችን ይዘው ወደ ተራራው ጫካ ለሽርሽር ወጡ። (በእኛ አቆጣጠር ዕለቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1937 ዓ.ም. ነው። ለእኛ የድል ቀን ነው።) ልጆቹ ከ11 እስከ 14 ዓመት የሆናቸው ነበሩ። ወይዘሮ ኤልሲ 26 ዓመታቸው ነበር፤ ነፍሰ ጡርም ነበሩ። መጋቢው መኪናውን ሲያቆሙ ባለቤታቸውና ልጆቹ ቀድመው ወደ ዛፎቹ ገቡ። መሬት ላይ አንድ ነገር አይተው ተጣሩ። መጋቢው እንዳይነኩት እየጮኹ ሳለ ፈነዳ። ስድስቱም ሞቱ።

በዚያ ጦርነት በዋናው የአሜሪካ ምድር ላይ በጠላት መሣሪያ የሞቱት ሰዎች እነዚህ ስድስቱ ብቻ ናቸው። መንግሥት ስለ ፊኛዎቹ ለሕዝቡ የተናገረው ከዚህ በኋላ ነው። የጃፓን ጦር ፊኛ መልቀቁን ካቆመ በዚያን ጊዜ ሳምንታት አልፈዋል። ጥያቄው ያማል፤ ግን መጠየቅ ያለበት ይመስለኛል፦ አስቀድሞ ለመንደሩ ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ ቢነገር ኖሮ እነዚያ ልጆች ያንን ነገር ይቀርቡት ነበርን?

የመጋቢው ቀሪ ሕይወት ራሱን የቻለ መጽሐፍ ይወጣዋል፤ እኔ በአጭሩ ልለፈው። ከሞቱት ልጆች የሁለቱን ታላቅ እህት ቤቲን አገቡ፤ አብረውም ለወንጌል አገልግሎት ወደ ቬትናም ሄዱ። በ1962 የሥጋ ደዌ ሕሙማን ከሚታከሙበት ሆስፒታል ታጣቂዎች ከሁለት የሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ወሰዷቸው፤ ከዚያ ወዲያ አልተመለሱም። ወይዘሮ ቤቲ ግን አገሩን ጥለው አልወጡም። በ1975 እርሳቸውም ተይዘው ለወራት ከታሰሩ በኋላ ተለቀቁ። ሁለት ታናናሾቿንና ባሏን ለጦርነት የገበረች ሴት በዚያው በሕሙማኑ መካከል መቆየቷን ሳስብ የምጨምረው ቃል አጣለሁ።

አሁን ወደ ጃፓን እንመለስ። ጦርነቱ አለቀ፤ ተማሪዎቹ አደጉ፤ አገቡ፤ ልጅ ወለዱ። የለጠፉት ወረቀት የት እንደ ወደቀ የነገራቸው አልነበረም። ወሬውን ያደረሰላቸው ሰው ዩዙሩ ታኬሺታ ይባላሉ። በአሜሪካ ከጃፓናውያን ወላጆች የተወለዱ፣ በኋላም የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የሆኑ ሰው ናቸው። በጦርነቱ ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት 120,000 ያህል የጃፓን ዘር ያላቸውን ሰዎች በካምፕ ሲያጉር ታኬሺታም ገና ወጣት ሳሉ ቱሌ ሌክ በሚባል ካምፕ ታግተው ነበር። ቱሌ ሌክ ከኦሪጎን ድንበር አጠገብ ነው፤ ከብላይም ሩቅ አይደለም። ማለትም በፊኛው የተገደሉት ልጆችና ‘ጠላት’ ተብሎ በሽቦ የታጠረው ልጅ በአንድ አካባቢ ነበሩ። በ1980ዎቹ ታኬሺታ ጃፓን ውስጥ የሚያውቋት አንዲት ሴት በተማሪነቷ ፊኛ መሥራቷን ስትነግራቸው፣ እርሳቸው ደግሞ በብላይ የሆነውን ነገሯት።

ሴቶቹ ምን ሊሉ ይችሉ ነበር? ልጆች ነበርን፤ ታዘን ነው፤ እኛም ተርበን ነበር፤ የእኛም ከተሞች ተቃጥለዋል፤ ሂሮሺማስ? ይህ ሁሉ እውነት ነው። ማንም ፍርድ ቤት እነርሱን አይከስስም፤ እኔም ጥፋተኛ ናቸው አልልም። ከእነዚህ እውነቶች በአንዱ ተከልለው ዝም ማለት ይችሉ ነበር። እነርሱ ግን ወረቀት አነሡ።

አንድ ሺህ የወረቀት ሽመላ ማጠፍ በጃፓን የቆየ ልማድ ነው፤ ለታመመ ሰው ጤና፣ ለተቸገረ ሰው መልካም ምኞት ይሆናል። በሂሮሺማው ቦምብ ጨረር የተነሣ በ12 ዓመቷ በ1955 የሞተችው ሳዳኮ ሳሳኪ በሆስፒታል አልጋዋ ላይ በመድኃኒት መጠቅለያ ሳይቀር ሽመላ ታጥፍ ስለነበር፣ ከእርሷ ወዲህ የወረቀት ሽመላ የሰላም ምልክትም ሆኗል። አስቡት፤ አንዷን ሽመላ ለማጠፍ ወረቀቱን ከሃያ ጊዜ በላይ ማጠፍ ይጠይቃል፤ ጠርዝ ከጠርዝ ካልገጠመ አንገቷ ይጣመማል። ያ በአንድ ሺህ ይባዛ። በልጅነታቸው ወረቀት ከወረቀት ጋር ያለ ስንጥቅ እንዲያጣብቁ የሠለጠኑት ጣቶች፣ አሁን ሸብተውና ምናልባትም እየተንቀጠቀጡ፣ እንደገና ወረቀት ላይ ተቀመጡ።

ሽመላዎቹ በ1987 ለሟቾቹ ቤተሰቦች ደረሱ። ይቅርታ መጠየቅ በቃል ብቻ ቢሆን ይቀልል ነበር። እነዚህ ሴቶች ግን ጥፋቱ ባለፈበት በዚያው በእጃቸው ሥራ በኩል መጡ፤ እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚነካኝ ይህ ነው። ስለ ተቀባዮቹም ማሰብ አለብን። ልጅህን የገደለውን ፊኛ ከለጠፈች እጅ የወረቀት ወፍ ተቀብሎ በቤትህ ማኖር ምን ያህል ይከብድ ይሆን? አንዳንዱ ቤተሰብ ስለዚያ ቀን ለብዙ ዘመን አይነጋገርም ነበር።

ወረቀቱ ራሱ ዛሬም ይሠራል። ዩኔስኮ በ2014 የሦስት አካባቢዎችን የዋሺ አሠራር በዓለም የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ላይ አስፍሯል። በብዙ አገሮች ያሉ ቤተ መጻሕፍትም የተቀደደ የድሮ መጽሐፍ የሚጠግኑት በዚህ ስስ ወረቀት ነው።

በብላይ አቅራቢያ ባለው ጫካ፣ ቦምቡ በፈነዳበት ቦታ በ1950 የቆመ የድንጋይ መታሰቢያ አለ፤ የስድስቱ ስምና ዕድሜ ተጽፎበታል። አጠገቡ የቦምቡ ፍንጣሪ ያቆሰለው አንድ የጥድ ዛፍ አለ። በ1995፣ በሃምሳኛው ዓመት፣ ስድስት የቼሪ ዛፎች በዚያ ተተከሉ።