ከዳር የመጣ የዘውድ ተፎካካሪ

በጎንደር ከተማ ፒያሳ፣ ፋሺስት ኢጣሊያ በወረራው ዘመን ባሠራቸው ሕንፃዎች አካባቢ፣ የዳግማዊ ቴዎድሮስ ሐውልት ቆሟል። ይህችው ከተማ በ1859 ዓ.ም. በዚሁ ንጉሥ ትእዛዝ የተዘረፈችና የተቃጠለች መሆኗ ሲታሰብ ጥያቄ ይነሣል። ሰውየው ለዘውድ ሲነሣ በምን ተመዘነ? ዛሬስ በምን ሊመዘን ይገባል?

ቋረኛው ካሣ ኃይሉ ወደ ሥልጣን ትግሉ ሲገባ የዘመነ መሳፍንቱ ገዢ መደብ የመረመረው ዓላማውን ሳይሆን የዘር ሐረጉን ነበር። እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ በችግሯ ጊዜ ኮሶ ሸጣለች መባሉ ለመኳንንቱ የተሟላ ፍርድ ሆነ። በዚሁ ስድብ የፎከረው ደጃዝማች ወንድይራድ ድል በሆነ ጊዜ ኮሶ እንዲጠጣ መደረጉ በሰፊው ይተረካል። እቴጌ መነንም የልጇን የራስ ዓሊን ልጅ ተዋበችን የዳረችለት ሽፍታውን ለማለዘብ እንጂ ለዙፋን አጭታው አልነበረም፤ በ1839 ዓ.ም. ግን ራሷ ተማረከች። ጉር አምባና አይሻል በ1845 ዓ.ም. ተከተሉ። በመጨረሻም በሰሜን ደጋ፣ ደጃዝማች ውቤ ለራሱ ንግሥ ባዘጋጀው በደረስጌ ማርያም፣ አቡነ ሰላማ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ካሣን ቀብተው አነገሡት። ድግሱ የውቤ፣ ዘውዱ የካሣ!

ካሣ ለዘር ክሱ መልስ የሰጠው በጦር ብቻ አይደለም። ስመ መንግሥቱን የወሰደው ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ ይመጣል ከሚለው ከፍካሬ ኢየሱስ ነው፤ የትውልድ ሐረግ የነፈገውን መጽሐፍ እንዲሰጠው አደረገ። በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ በላከው የአማርኛ ደብዳቤ ደግሞ ነገሥታት አባቶቹ በበደላቸው መንግሥታቸውን እንዳጡ፣ እርሱን ግን እግዚአብሔር ከትቢያ አንሥቶ እንዳነገሠው ይገልጻል። ትቢያንም ነገሥታት አባቶችንም በአንድ ወረቀት ላይ የራሱ አደረገ። ስድቡን አልካደም፤ ወደ ማዕረግ ለወጠው። ይሁንና ይኸው ኩራት ነው፣ የደብዳቤው መልስ ሲቀር፣ ቆንስሉን ካሜሮንን በ1856 ዓ.ም. ለእስራት የዳረገው።

የታሪኩ ጸሐፊዎችም መመርመር አለባቸው። ደብተራ ዘነብና አለቃ ወልደ ማርያም ዜና መዋዕሉን በግእዝ ሳይሆን በአማርኛ መጻፋቸው ለሥነ ጽሑፋችን ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን የአድናቂው የዘነብ ብዕር ከጨለማዎቹ ዓመታት በፊት ይቆማል፤ እነርሱን የሚተርከው ወልደ ማርያም ነው። ከያንያኑ በዘነብ ቴዎድሮስ ላይ ማዘንበላቸው ባያስደንቅም ሥዕሉን ጎዶሎ አድርጎታል። ካህናቱ መሬታቸው ስለተቀነሰ በንጉሡ ላይ ቂም ነበራቸው፤ ምስክርነታቸው በጥንቃቄ መወሰድ ይኖርበታል። የጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ቃጠሎ ግን የቂመኛ ካህን ፈጠራ አይደለም።

ከዝርፊያው ጋር ብዙ የብራና መጻሕፍት ከከተማይቱ ወጥተው መጨረሻቸው መቅደላ ሆነ። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲይዝ ከዚያ ከተገኙት 350 ያህሉን ወደ ሎንዶን ወሰደ። በእሳቱ ዘመን የጎንደር ካህን እጅ ላይ የነበሩ መጻሕፍት ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ መደርደሪያ ላይ ይገኛሉ።