በሩ ላይ ማን ቆሟል?



በማሻም ሆነ በመካነ ሰላም ያደጋችሁ ሁሉ ደጀ ሰላምን ታውቃላችሁ። ቤተ ክርስቲያኑን የከበበ የድንጋይ ካብ አለ፤ በካቡ ላይ ደግሞ ጣራ ያለው መግቢያ። ስሙ በግዕዝ «የሰላም ደጅ» ማለት ነው። ወደ ውስጥ የማይገባ ሰው ደጁን ተሳልሞ ይመለሳል። ነዳያንም እዚያው ይቀመጣሉ።

ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴን አይታችኋል? የተመሠረተችው በ17ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ፣ በአድያም ሰገድ ኢያሱ ዘመን ነው። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሽ ከተማዋን ሲያቃጥል ተርፋለች። በድንጋይ ቅጥሯ ላይ ያሉት 12 ማማዎች የሐዋርያት ምሳሌ ናቸው፤ 13ኛው፣ መግቢያው፣ የክርስቶስ ነው ይባላል። ጌታስ «በሩ እኔ ነኝ» ብሎ የለ? (ዮሐ. 10:9)

በእንግሊዝና በዌልስ ገጠርም ጣራ ያለው የቤተ ክርስቲያን በር አለ። የጥንት ስሙ «የሬሳ በር» ማለት ነው፤ ቄሱ ወጥቶ እስኪቀበለው አስከሬኑ እዚያ ያርፍ ነበርና።

እዚህ ላይ ልቤ ይነካል። በአገራችን ጌታን በመቀበላቸው ብቻ ከቅጥር ውስጥ እንዳይቀበሩ የተከለከሉ ወገኖች ነበሩ። እኔም አንድ ጊዜ ቃሬዛ ተሸክሜ ከደጅ ተመልሻለሁ። ያን ቀን «የሰላም ደጅ» የሚለው ስም ቀልድ መሰለኝ። ምሬቴ ብዙ ጊዜ አልለቀቀኝም።

የፈታኝ የናይን ከተማ በር ነው (ሉቃ. 7:11-15)። የመበለቲቱ አንድ ልጅ ሞቶ ሲወጣ ጌታ ዝም ብሎ አላለፈም። አዘነላት፣ ቀረበ፣ ቃሬዛውን ነካ። በኋላም እርሱ ራሱ መከራን የተቀበለው ከበር ውጭ ነው (ዕብ. 13:12)። እኔ ከደጅ ስመለስ እርሱ ውጭ አብሮኝ ቆሞ ነበር ማለት ነው!

ታዲያ እኛስ? የአዳራሻችን በር ቆርቆሮ ነው፤ ግን ማንን ይመልሳል? ደጅ የምትሳለመዋን እናት አይተን ስቀን አናውቅም? ጎረቤታችን ሲሞት «የእኛ ሰው አይደለም» ብለን ከቤት አልቀረንም?

ወገኖቼ፣ በዚህ ሳምንት ለቅሶ ከተሰማ ተነሱ። ደጁን የዘጋባችሁ ሰው ቤት ቢሆንም ሂዱ። ከቃሬዛው በታች ትከሻችሁን አግቡ። የሰላም ደጅ የሚከፈተው እንዲህ ነው።

ጌታ ይባርካችሁ። አሜን።