ስለ ውጅግራ ጠብመንጃ፤ እንዴት እንደሚታወቅና ምን እንደሚያወጣ

በአገራችን በብዙ ቤት ከግድግዳ ላይ የተሰቀለ ወይም ከአልጋ ሥር የተጋደመ አሮጌ ጠብመንጃ ይገኛል። ባለቤቱ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚመልሰው «የአድዋ ነው» ብሎ ነው። ይህ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በጠብመንጃው ላይ የተቀረጸ ጽሕፈት ስላለ፣ ከባለቤቱ ቃል ጋር የብረቱንም ምስክርነት መስማት ይገባል።

ከእነዚህ መካከል ስሙ የገነነው ውጅግራ ነው። ስሙ የመጣው ፈረንሳዮች «ፉዚ ግራ» ከሚሉት ነው፤ ፉዚ ማለት ጠብመንጃ ሲሆን፣ ግራ ደግሞ የሠራው መኮንን የባዚል ግራ ስም ነው። ከእርሱ በፊት የነበረው ሻስፖ የተባለው ጠብመንጃ ጥይቱ በወረቀት የተጠቀለለ ነበር፤ ግራ ባለ ናስ ቀለህ አደረገው። የእግረኛው ውጅግራ ርዝመቱ 1 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ክብደቱ ከ4 ኪሎ በላይ፣ የአፈሙዙ ስፋት 11 ሚሊ ሜትር ነው። የሚጎርሰው አንድ ጥይት ብቻ ነው፤ ጥቁር ባሩድ ስለሚያቃጥልም ጢሱ ተኳሹን ያጋልጠዋል።

ፈረንሳይ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1886 ጢስ አልባ ባሩድ የሚተኩሰውን ለበን ስታወጣ፣ ውጅግራ ለእርስዋ ትርፍ ዕቃ ሆነ። ለእኛ ግን ትርፍ አልነበረም። በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ወደቦች እየገባ በግመል ወደ ሸዋ ተጫነ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በአድዋም ተተኮሰ።

ስለ ዋጋ ካነሣን የአርቱር ራምቦ ነገር መጠቀስ አለበት። ይህ ፈረንሳዊ ባለቅኔ ግጥሙን ትቶ የጦር መሣሪያ ነጋዴ ሆነ፤ በ1879 ዓ.ም. ሁለት ሺህ ያህል ጠብመንጃ ከታጁራ ወደ ሸዋ አመጣ። ያመጣው ውጅግራ እንኳ አልነበረም፤ ከእርሱም የሚያንስ፣ አውሮፓ ከጣለው ብዙ ዘመን የሆነው በካፕሱል የሚተኮስ ጠብመንጃ ነበር። እርሱ ራሱ ለቤተ ሰቡ እንደ ጻፈው፣ በሊዬዥ 7 ወይም 8 ፍራንክ የሚያወጣው ለሸዋው ንጉሥ 40 ፍራንክ ያህል ይሸጥ ነበር። ንጉሥ ምኒልክ ግን ገበያውን ያውቁ ስለ ነበር ዋጋውን አስቀነሱት፤ ከሞተው ሸሪኩ ዕዳም ቆረጡበት። ባለቅኔው እንዳሰበው አላተረፈም፤ እኔም አላዘንኩለትም።

አሁን ወደ ማወቂያው እንመለስ። ከሁሉ በፊት ጥይት አለመጉረሱ ይታይ። ከዚያ መዝጊያው በሚንሸራተትበት ብረት ጎን የፋብሪካው ስም፣ ለምሳሌ ሴንት ኤትየን፣ «1874» ከሚል ቁጥር ጋር ይነበባል። ብዙ ሰው ይህን የተሠራበት ዓመት ያደርገዋል፤ ነገር ግን የሞዴሉ ዓመት ነው። የተሠራበት ዓመት ከበርሜሉ በስተቀኝ፣ ከአንድ ፊደል አጠገብ ተቀርጿል፤ ፊደሉ ኤስ ከሆነ ሴንት ኤትየን፣ ቲ ከሆነ ቱል ማለት ነው። ከ1874 ቀጥሎ «ኤም 80» የሚል ካለ፣ በ1880 የጋዝ ማምለጫ ቦይ የተጨመረለት ነው። ዓመቶቹ ሁሉ የአውሮፓ ናቸውና ሰባት ወይም ስምንት ይቀነስባቸው። ስቴየር የሚል ከተገኘ ደግሞ በኦስትሪያ ለግሪክ ጦር የተሠራ ነው።

ዋጋውን ከፍ የሚያደርገው የበርሜሉ፣ የመዝጊያውና የሳንጃው ቁጥር አንድ መሆኑ፣ የበርሜሉም ውስጥ በዝገት አለመበላቱ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከኢትዮጵያ የወጡ አሮጌ ጠብመንጃዎች በአሜሪካ ለሰብሳቢዎች ተሸጠዋል፤ እነዚያ ገዢዎች የሚፈልጉት ማኅተም ነው። እኛ ዘንድ ግን ጠብመንጃውን ለማሳመር በአሸዋ ወረቀት ይፈትጉታል፤ ማኅተሙም አብሮ ይጠፋል።

ካርካኖ የሚባለው የጣሊያን ጠብመንጃም «የአድዋ» ይባላል። ሞዴሉ 1891 ስለ ሆነ ያሳስታል፤ በአድዋ የጣሊያን ወታደሮች በብዛት የያዙት ግን ከእርሱ በፊት የነበረውን ቬተርሊን ነበር። በርሜሉ ላይ 1936 ከተጻፈና በአጠገቡ የፋሺስቱ ዘመን በሮማ ቁጥር ካለ፣ የመጣው ከ1928ቱ ወረራ ወዲህ ነው። የአድዋ ባይሆንም የአርበኛ ምርኮ ሊሆን ይችላል፤ ማን እንደ ማረከውና በየትኛው ቦታ የሚያውቁት አያቶቻችን ስለ ሆኑ፣ ቃላቸው ተጽፎ ከጠብመንጃው ጋር ይቀመጥ።