የዘይት ቀለም፥ ከመጅ እስከ ቈርቈሮ

ሥዕልን የሚያይ ሰው መልኩን ያደንቃል እንጂ ቀለሙ ከምን እንደ ተሠራ ብዙ ጊዜ አይጠይቅም። ነገር ግን ሥዕል ዕድሜ የሚያገኘው ከሠዓሊው እጅ ብቻ አይደለም፤ ከቀለሙም ባሕርይ ነው። የኢትዮጵያ ቍም ጸሓፊ ቀለሙን ራሱ በጥብጦ ይጽፍ እንደ ነበረ፥ የጥንቱ የኤውሮፓ ሠዓሊም ቀለሙን በገዛ ቤቱ ያሰናዳ ነበር። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በ1550 ዓ.ም. የሠዓልያንን ታሪክ የጻፈው ኢጣልያዊው ቫሳሪ፥ የዘይትን ቀለም መጀመሪያ ያገኘው ያን ቫን አይክ የተባለው የፍላንደር ሰው ነው ብሎ ነበር። ይህም ቃል ብዙ ዘመን ታመነ። በ1774 ግን ሌሲንግ የተባለ የጀርመን ሊቅ፥ ቴዎፍሎስ የሚባል መነኵሴ በ12ኛው መቶ ዓመት የጻፈውን መጽሐፍ ምስክር አድርጎ፥ ቀለምን በተልባ ዘይት መፍጨት ከቫን አይክ አስቀድሞ የታወቀ መሆኑን አስረዳ። ደግሞም በአፍጋኒስታን በባሚያን ዋሻዎች ካሉት ሥዕሎች፥ በ7ኛው መቶ ዓመት ገደማ በዘይት የተሠሩ መገኘታቸው በ2008 በምርመራ ተገለጠ። እንግዲህ የቫን አይክ ክብር ጥበቡን በመጀመሩ ሳይሆን ወደ ፍጹምነት በማድረሱ ነው፤ በ1432 የተፈጸመው የጌንት ካቴድራል ሥዕሉም ይህን ይመሰክራል።

የተልባ ዘይት እንደ ውሃ ተንኖ የሚደርቅ አይደለም፤ ከአየር ኦክስጅንን እየሳበ ቀስ በቀስ ይጸናል፥ ዱቄቱንም በውስጡ አጥብቆ ይይዛል። የወይራ ዘይት ግን እንዲህ ስለማይጸና ለዚህ ሥራ አይሆንም። ቴዎፍሎስ የተልባው ዘይት ለመድረቅ መዘግየቱን ነቅፎ ነበር፤ ኋለኞቹ ሠዓልያን ግን ይህንኑ መዘግየት ጥቅም አደረጉት። ቀለሙ ሳይደርቅ ጥላውን ከብርሃኑ ጋር አዋሐዱ፥ ከደረቀም በኋላ ሥሡን ቀለም በላዩ ደረቡ።

አሠራሩም እንዲህ ነው። ዱቄቱ በለሰለሰ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይደረግና፥ ዘይት በጥቂት በጥቂቱ እየተጨመረበት እስኪልም ድረስ በመጅ ይታሻል። ለሁሉ አንድ ልክ የለውም፤ ከእርሳስ የሚሠራው ነጭ ጥቂት ዘይት ይበቃዋል፥ ፈጥኖም ይደርቃል፤ የጥላሸት ጥቁር ግን ብዙ ይጠጣል፥ ይዘገያልም። ዘይት ቢበዛ ቀለሙ ይጨማደዳል፥ ቢያንስ ይፈረፈራል። ነጩም መርዝ ነውና ለሚፈጨው ሰው አደገኛ ነበር።

ከሁሉ የከበረው ሰማያዊ፥ ከአፍጋኒስታን ምድር ከባዳክሻን የሚመጣው ላጲስ ላዙሊ የሚባለው ድንጋይ ነው። በ1400 ገደማ የጻፈው ቼኒኖ ቼኒኒ እንደሚያስተምረው፥ የድንጋዩ ዱቄት ከሙጫና ከሰም ጋር ተለውሶ ይቈያል፤ ከዚያም በአመድ ውሃ ውስጥ ሲታሽ ጕድፉ በሰሙ ውስጥ ይቀርና ንጹሑ ሰማያዊ ይወጣል። ቅኔ የሚያውቅ ሰው ሰሙ ተገልጦ ወርቁ ሲወጣ እንደሚያይ ነው።

በ19ኛው መቶ ዓመት ይህ ሁሉ ተለወጠ። ፈረንሳዊው ጊሜ ያንን ሰማያዊ በብልሃት ሠርቶ በ1828 ስድስት ሺህ ፍራንክ ተሸለመ። በእሪያ ፊኛ ይቋጠር የነበረውንም ቀለም፥ አሜሪካዊው ሠዓሊ ጆን ራንድ በ1841 በሚጠቀለል የቈርቈሮ ብልቃጥ ከተተው። ከዚህም የተነሣ ሠዓሊው ቀለሙን ተሸክሞ ወደ ሜዳ ለመውጣት ተመቸው፥ ድሀውም ሰማያዊን አገኘ።

ነገር ግን ቀለሙን የሚሠራውና የሚቀባው ሰው ተለያዩ። ቫን ጎኽ በ1888 የመኝታ ክፍሉን ሲሥል ግድግዳው ሐምራዊ እንደ ነበረ ለወንድሙ ጽፏል፤ ዛሬ ግን ሰማያዊ ሆኖ ይታያል፥ ከውስጡ ያለው ቀይ በብርሃን ጠፍቶአልና። ሠዓሊው የአዲሶቹ ቀለሞች ዕድሜ አጭር መሆኑን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ ደምቀው እንዲቈዩ ብሎ አብዝቶ ቀባቸው እንጂ። የቫን አይክ ቀይ ካባ ግን ወደ ስድስት መቶ ዓመት ሲጠጋው ዛሬም እንደ ደመቀ ነው።

የቀደሙት ሰዎች ድካም ከንቱ አልነበረም። መጁን የሚገፋ እጅ ጸንቶ የሚኖረውን ከሚጠፋው ለይቶ ለማወቅ ይማር ነበር፤ ሥራውን ለልጅ ልጅ ሊያቈይ የሚወድ ሁሉ አስቀድሞ የሚሠራበትን ነገር ባሕርይ ይመርምር።