ስልክ ከእልፍኝ ወደ ኪስ

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሐረርንና አዲስ አበባን ያገናኘው የስልክ መስመር የመንግሥት ጉዳይ መፈጸሚያ እንጂ የተራው ሰው መገልገያ አልነበረም። ሕዝቡ ከዚያም በኋላ ለረጅም ዘመን ወሬውን የሚልከው በደብዳቤና በመንገደኛ ነበር። ተንቀሳቃሽ ስልክ በ1991 ዓ.ም. ከገባ ወዲህ ግን ደብዳቤ መጻፍም፣ የዘመድን ቁጥር በቃል መያዝም እየቀረ ሄደ። የዚህ ልማድ ክብደት በግልጽ የታየው በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ተነሥቶ ስልክ በተቋረጠ ጊዜ ነው። በሩቅ ያለ ልጅ የወላጁን ደኅንነት ለማወቅ የቀይ መስቀልን መልእክት ይጠባበቅ ጀመር። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. በመቐለ መስመሩ ሲመለስ፣ ብዙ ቤተ ሰብ ከደስታው ጋር የቆየ መርዶም ተረዳ። ስልኩ የግል ንብረት ቢሆንም፣ መስመሩ በባለሙያው እጅ ያለ የሕዝብ አደራ ነው።