ፎረፈ

«ፎረፈ» በከተማ ተማሪዎች አነጋገር ለትምህርት ከቤት ወጥቶ ሆን ብሎ ክፍል አለመግባትን የሚያመለክት ግስ ሲሆን፣ መነሻው በፈረንሳይኛና በጣሊያንኛ የስፖርት ቋንቋ «ፎርፌ» ተብሎ የሚነበበው፣ ሜዳ ያልቀረበ ቡድን ሳይጫወት መሸነፉን የሚገልጸው ስም ነው። ስሙ «በፎርፌ 3 ለ 0 ተሸነፈ» በሚለው የእግር ኳስ አነጋገር ከተለመደ ወዲህ፣ ተማሪዎች ፈ፣ ረ፣ ፈ የሚሉትን ተነባቢዎች እንደ ሥር ይዘው፣ ልክ እንደ «ሞከረ»፣ ይፎርፋል፣ መፎረፍ፣ ፎርፎ፣ ፎራፊ እያሉ አርብተውታል።

ቃሉን ከ«ቀረ» የሚለየው ፈቃድ ነው። በአጨዳ ወቅት ወላጆቹን ሲያግዝ ወይም ከሩቅ ወንዝ ውኃ ሲቀዳ የትምህርት ሰዓት ያለፈበት የገጠር ልጅ ቀረ እንጂ ፎረፈ አይባልም፤ ይሁን እንጂ በስም መጥሪያው ላይ የሁለቱም ምልክት አንድ በመሆኑ፣ ችግር ያስቀረው ልጅ ምክንያቱ ሳይጠየቅ ከፎራፊው እኩል የሚንበረከክበት አሠራር ግልጽ በደል ነው። በአንጻሩ ስም በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ብቻ በሚጠራበት ትምህርት ቤት፣ ጠዋት «አቤት» ብሎ ከዕረፍት በኋላ አጥር የዘለለ ተማሪ በመዝገቡ ላይ ቀኑን ሙሉ ሲማር እንደዋለ ይቆጠራል።

«አቋረጠ» ደግሞ ትምህርትን ጨርሶ መተውን ይገልጻል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ከማቋረጥ በፊት ማንም ያልጠየቀባቸው ተደጋጋሚ የቀሪ ምልክቶች በመዝገቡ ላይ ይገኛሉ።